የዶሮዎቹ ሶፋ

ሰው አርባውን አልፎ፣ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ዶሮ ለማርባት እናትና አባቱን ያስፈቅዳል ቢሏት ምስማር ራሷ በሳቀች ነበር። ግን ያስፈቅዳል። የራሱ ጓሮ ከሌለው ምን ያድርግ?

ምስማር የሚለውን ስም ያወጡላት አባቷ ናቸው። ገና በልጅነቷ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም ነበር። «ይቺ ልጅ ምስማር ናት። ካልመቷት አትገባም፣ ከመቷት ደግሞ አትወጣም» አሉ፤ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። በኋላ ሶፋ አልባሽ ሆና ከንፈሯ ላይ ምስማር ደርድራ መዋል ስትጀምር ሰፈርተኛው ሁሉ ስሙ ከሥራዋ የመጣ መሰለው። እሷም አላረመቻቸውም።

ሱቋ የነበረበት ረድፍ ይፈርሳል ተባለና ውጪ ተባለች። ትዳሯ ከዚያ ቀደም ብሎ ፈርሷል። «ሁለቱም ፈርሰው ለእኔ አቧራው ደረሰኝ» እያለች ትስቅበታለች። ስለዚህ የስፌት መኪናዋን፣ መዶሻዋን፣ ጥቅል ስፖንጇንና ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ የአንድ አሮጌ ሶፋ አጽም ይዛ እናትና አባቷ ቤት ገባች። የተኛችውም በዚያው በልጅነት አልጋዋ ላይ ነው፤ ካልተኮራመተች እግሯ ውጪ ያድራል።

ወላጆቿ አልከፉባትም፤ ውሸት አይወራም። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ ምስማር ተመልሳ ልጅ ሆነች። ሻይ ስትጥድ እናቷ «ውሃው በዛ» ይላሉ። መብራት ስታበራ አባቷ «ገና ቀን ነው» ይላሉ። ከቤት ስትወጣ «የት ነው?»፣ ስትገባ «የት ነበርሽ?» ትባላለች። ማንኪያው እንኳን የእናቷ ነው፤ ቦታውን ስታዛንፍ ይታወቅባታል።

በዚህ መሀል በሌላ ከተማ የቤት ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ደወለላት። «ሥራ አለኝ። ከሱቁ ጀርባ ማደሪያም አለሽ። አስቢበትና ንገሪኝ» አላት። አሰበችበት። ያሰበችው ግን በራሷ መንገድ ነው። ‹በዚህ ጓሮ ለሦስት ዶሮ ቦታ ከተገኘ ለእኔም ቦታ አለ ማለት ነው፤ ካልተገኘ እሄዳለሁ› አለች በሆዷ። ለማንም አልተነፈሰችም። ለምን ዶሮ? ሰው ቢጠይቃት «እንቁላል ስለምወድ» ትል ነበር። እውነቱ ግን ጠዋት ስትነሳ እሷን የሚጠብቅ፣ እሷ ካልመጣች የሚራብ፣ «በዛ» የማይላት ነገር ፈልጋ ነው።

በመጀመሪያ እናቷን ያዘች።

እናቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሆቴል ውስጥ ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ሴት ናቸው። ጡረታ ወጡ እንጂ እጃቸው አላረፈም። ጓሮው ከዳር እስከ ዳር ገመድ ነው፤ ገመዱ ላይ ሁልጊዜ ነጭ አንሶላ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ቆስጣና ሰላጣ ተክለዋል። አንሶላቸው ላይ ዝንብ ቢያርፍ ዝንቡን አጥበው የሚመልሱ ዓይነት ሰው ናቸው።

«እማዬ፣ ሦስት ዶሮ ብቻ» አለች ምስማር፤ አንሶላውን በአንድ ጫፍ ይዛ እያጠፈችላቸው።

«ምን ልታደርጊያቸው?»

«ላረባቸዋ።»

«እኔ አንቺን አርብቼ ምን አገኘሁ?»

«እንቁላል ታገኛለሽ፣ ትኩስ እንቁላል።»

«እንቁላል ሱቅ ሞልቷል። የሱቅ እንቁላል ደግሞ አንሶላዬ ላይ አይወጣም፣ ቆስጣዬን አይጭርም። ሳብ አድርገሽ ያዢ እንጂ! ለዶሮ የቸኮለች እጅሽ ለአንሶላ ዛለች?»

«ከቤታቸው አይወጡም። ቤት እሠራላቸዋለሁ፤ ከፊቱ በሽቦ የታጠረ መንጎራደጃ ይኖራቸዋል።»

እናቷ አንሶላውን ለቀቁት። «ቤት? ለዶሮ ቤት? ኧረ ጉድ ነው! የአገሩን ሶፋ ሁሉ አልብሰሽ ስታበቂ የእናትሽ ወንበር ሆዱ ተዘርግፏል። እንግዳ ሲመጣ ነጠላ ጣል እናደርግበታለን፤ የበሽተኛ ገላ ይመስል! ልብስ ሰፊ ራቁቱን ይሄዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ በቤቴ አየሁት።»

ምስማር ሰማች። እሷ ስድቡን ትታ መሀሉ ላይ ያለውን በር ነው የሰማችው። በነጋታው የሳሎኑን ወንበሮች አንድ በአንድ ወደ ጓሮ አወጣች። የደከመውን ስፕሪንግ ቀየረች፣ የሟሸሸውን ስፖንጅ ጣለች፣ ከደንበኞች የተረፈ አረንጓዴ የከፋይ ጨርቅ ነበራትና አለበሰቻቸው፤ ጀርባቸው ላይ ቁልፍ ቁልፍ አድርጋ ጨረሰች። እናቷ መጥተው ተቀመጡ። ተነሱ። ሌላው ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን መደገፊያው ላይ አሻሹ።

«እሺ አላልኩም» አሉ።

«እምቢም አላልሽ።»

«አባትሽን ጠይቂ።»

በዚያ ቤት ቋንቋ «አባትሽን ጠይቂ» ማለት ‹እኔ ፈቅጃለሁ፤ ኋላ ቢበላሽ ግን ጥፋቱ የሱ ይሁን› ማለት ነው። ምስማር ግንባራቸውን ሳመቻቸው። «ሂጂ ወዲያ፣ ሙጫ ትሸቻለሽ» አሉና ገፏት፤ ከወንበሩ ግን አልተነሱም።

አባቷ ግን ሌላ ዓለት ናቸው። ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። ሰው ሲተኛ እሳቸው ሊጥ ሲያቦኩ፣ ሰው ሲነሳ እሳቸው ወደ ቤት ሲገቡ ኖሩ። «ከሚስቴ ይልቅ የማውቃት ጨረቃን ነው» ይሉ ነበር። ጡረታ የወጡ ዕለት የዱቄት ሽርጣቸውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉና ለቤተሰቡ አወጁ፦ «ከእንግዲህ ረፋድ ሳይሆን ከአልጋዬ የሚያነሳኝ ሞት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አንኳኩቶ ይግባ።» ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ጠዋት ጠዋት ሰው በእግር ጣቱ ነው የሚሄደው። ድስት ክዳኑን የሚከድነው በሹክሹክታ ነው።

የመኝታ ክፍላቸው መስኮት ደግሞ የሚከፈተው ወደ ጓሮ ነው።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር» አለች ምስማር ማታ ራት ላይ።

«ሰምቻለሁ። አይሆንም።»

«ገና መቼ ተናገርኩ?»

«እናትሽ አረንጓዴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትስቅ ሳይ ነው የሰማሁት። ዶሮ አይሆንም። አውራ ዶሮ ጎህ ሳይቀድ…»

«አውራ የለበትም! ሴት ብቻ ናቸው፤ ሴቷ አትጮኽም።»

አባቷ ዳቦውን አስቀመጡ። «አትጮኽም? እንቁላል ስትጥል አላየሻትም? አንዲት እንቁላል፣ አንዲት ብቻ ጥላ አገሩን በሙሉ ትቀሰቅሳለች። እኔ በየሌሊቱ ያን ሁሉ ዳቦ ሳወጣ አንድ ቀን ጮኬ አውቃለሁ?»

እናቷ ሳቃቸውን በሾርባው ዋጡት።

«እንግዲያው ድምፃቸው እንዳይሰማዎት ባደርግስ?» አለች ምስማር።

«አፋቸውን ልትሰፊው ነው?»

«ቤታቸውን።»

«ምን?»

«ቤታቸውን ነው የምሰፋው። እርስዎ ብቻ ሲያልቅ ይዩልኝ። ከወደዱት እሺ ይሉኛል፤ ካልወደዱት ሁለተኛ አላነሳውም።»

አባቷ ልጃቸውን ያውቃሉ። ‹ሁለተኛ አላነሳውም› ከአፏ ሲወጣ የሰሙት ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ደነገጡና «እሺ፣ ላየው» አሉ።

ያ አጽሙ የቀረ ሶፋ ባለ ሦስት መቀመጫ ነበር። ምስማር ወደ ላይ በጣውላ ከፍ አደረገችው፣ ጣሪያ አበጀችለት፣ ውስጡን በሦስት ከፈለችው፤ ለእያንዳንዷ ዶሮ አንዳንድ መቀመጫ። አየር እንዲገባ በጎረቤት ግንብ በኩል ሽቦ ወንፊት ያለው መስኮት ተወችለት። ከዚያ ወደምታውቀው ሥራ ገባች። ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ በሩን ሳይቀር በወፍራም ስፖንጅ አለበሰችው። በስፖንጁ ላይ ቡናማ ሌዘር ወጠረች፤ ጠርዝ ጠርዙን ባለ ክብ ራስ ምስማር ደረደረችበት። ሥራ ስትሠራ ለሰውም ይሁን ለዶሮ ማለት አታውቅም። ሲያልቅ ሚኒስትር ቢሮ ቢያስገቡት የሚያሳፍር አልነበረም።

እናቷ ዙሪያውን ዞሩት። «እኔ ሳገባ እንዲህ ያለ ዕቃ አልነበረኝም» አሉ።

አባቷ ረፋዱ ላይ በቢጃማ ወጡ። ምስማር ምንም ሳትናገር የሳቸውን ሬዲዮ እስከ መጨረሻው ከፍታ ውስጥ አስቀመጠችና በሩን ዘጋችው። አባቷ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ባትሪው አልቋል» አሉ።

በሩን ሲከፍቱ ዜና አንባቢው ፊታቸው ላይ ጮኸባቸው፤ ወደ ኋላ ዘለሉ። ዘጉት፤ ጸጥ። ከፈቱት፤ ጩኸት። ዘጉት፤ ጸጥ። አሻንጉሊት እንዳገኘ ሕፃን ደጋግመው ከፈቱ ዘጉ።

«ይሄ ነገር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በእናትሽ ልክ ይሠራል?»

«ሰምቼሃለሁ!» አሉ እናቷ ከአንሶላው ጀርባ።

አባቷ ከዚያ ወዲያ ማምለጫ አጡ። ግን እጅ የሰጡት በወግ ነው። የቢጃማቸውን ገመድ አጠበቁ። «ውል እንግባ። አንድ ጠዋት፣ አንዲት ጠዋት ብቻ ከእንቅልፌ የቀሰቀሱኝ እንደሆነ በዚያው ቀን ወደ ገበያ ይመለሳሉ። ልቅሶ የለ፣ ልመና የለ። ቃልሽን?»

«ቃሌን።»

«አንቺ ምስክር ነሽ» አሉ ወደ ሚስታቸው ዞረው።

«እኔ ለአንሶላዬ ነው የምመሰክረው» አሉ እናቷ።

ምስማር ያንኑ ዕለት ገበያ ወረደች። ዶሮ ሻጯ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት፤ ከዶሮዎቿ መሀል በርጩማ ላይ ተደላድላ ተቀምጣለች።

«ቄብ ናቸው?» አለቻት ምስማር።

«አሮጊት ዶሮ አልሸጥም። እዚህ ያለችው አሮጊት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔን ደግሞ ገዢ አጣሁ።»

«ድምፃቸውስ እንዴት ነው?»

«የማን?»

«የዶሮዎቹ። ይጮሃሉ?»

ሻጯ ቀና ብላ አየቻት። «እቴ፣ ዶሮ ነው የምትፈልጊው ወይስ ዓሣ?»

ምስማር አልሳቀችም። እያንዳንዷን እያነሳች ጆሮዋ ላይ ታስጠጋ ጀመር። ገበያተኛው እየቆመ ያያታል። «በጣም ዝም ያለችውን ስጪኝ» አለች በመጨረሻ።

«በጣም ዝም ያለችው የታመመችው ናት። እኔ ደግሞ ሰው አላታልልም። ድምፅ ያላትን ውሰጂና ከባልሽ ጋር ተነጋገሪ።»

«ከአባቴ ነው።»

«ውይ፣ እሱ ይብሳል» አለች ሻጯና መርጣ ሰጠቻት፤ አንዲት ቀይ፣ አንዲት ገብስማና አንዲት አንገተ መላጣ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ማር አለፉ። ምስማር ጎህ ሲቀድ ተነስታ በባዶ እግሯ ትወጣለች። በሩን ስትከፍት ሦስቱ አንገታቸውን ያወጡና የዘገየች ይመስል ይቆጧታል። እሷም «መጣሁ፣ መጣሁ፣ ምን ያስጮኻችኋል፣ ሽማግሌው ተኝተዋል» ትላቸዋለች። ወደ ሽቦው መንጎራደጃ አታወጣቸውም፤ አባቷ እስኪነሱ ድረስ እህልና ውሃቸውን እዚያው ከውስጥ ታደርግላቸውና መልሳ ትዘጋባቸዋለች። ቀይዋ እንቁላል በጣለች ቁጥር ያንን ሁሉ ጩኸቷን ስፖንጁ ይውጠዋል። እናቷ ትኩሱን እንቁላል በመዳፋቸው ይዘው ጉንጫቸው ላይ ሲያስነኩት ምስማር አንድ ቀን በመስኮት አየቻቸው። ያላየች መስላ አለፈች።

አባቷ ረፋድ ላይ ዓይናቸው አብጦ ይወጣሉ።

«እንቅልፍ እንዴት ነበር አባዬ?»

«እንደ ድንጋይ» ይላሉ፤ ሻያቸው ላይ እያፋሸኩ።

‹የተኛ ሰው ምን ያዛጋዋል?› ብላ ማሰብ ነበረባት። አላሰበችም። ነገር ሲሰምርለት ማን ይመረምራል?

አንድ ጠዋት በሩን ስትከፍት የወጣው አንገት ሁለት ብቻ ነው። ገብስማዋ ከመቀመጫዋ ጥግ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። ምስማር አነሳቻት። ከደረቷ ከፍ ብሎ ያለው የእህል ከረጢቷ እንደ ቡጢ ተወጥሮ ጠንክሯል። ምንቃሯ ጫፍ ላይ ቢጫ ፍርፋሪ አለ። ምስማር ጎንበስ ብላ ውስጡን አየችው፤ ሌዘሩ ከታች ተቀዷል፣ ከቀዳዳው ውስጥ ስፖንጁ ዋሻ እስኪመስል ተቦርቡሯል።

በልተውታል። ስፖንጁን በልተውታል!

ይህን ሁሉ ዓመት ሶፋ ስታለብስ ምስማር ያላሰበችው ነገር የለም። ሰው ይቀመጥበታል፣ ልጅ ይዘልበታል፣ ሻይ ይደፋበታል፣ ሲጋራ ያቃጥለዋል። ባለቤቱ ሶፋውን ይበላዋል ብላ ግን አንድም ቀን አስባ አታውቅም። ደንበኞቿ ምንቃር አልነበራቸውማ!

እናቷ የዘይት ጠርሙስ ይዘው እየሮጡ መጡ። ዘይት በጠብታ አዋጧት። ምስማር ከረጢቷን ልታሸው ሞከረች። የምስማር ጣት ግን ዕድሜውን ሙሉ ሌዘር ሲወጥር፣ ጅማት ሲጎትት የኖረ ጣት ነው፤ ቀስ ማለት አያውቅም። ገብስማዋ አንገቷን አጣመመች።

«ተዪያት፣ ትገያታለሽ!» አሉ እናቷ። የራሳቸውን እጅ አዩት፤ በሳሙናና በፍል ውሃ ደርቆ እንደ እንጨት ሆኗል። ከዚያ ሁለቱም አንድ ነገር አሰቡ። ሁለቱም ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት አዩ። መጋረጃው ተዘግቷል።

«የሱ እጅ» አሉ እናቷ በሹክሹክታ፣ «ቅቤ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሊጥ ሲያባብል የኖረ እጅ ነው።»

«ከቀሰቀስኳቸው…»

«ውል አለ።»

«ሦስቱም ይሄዳሉ።»

«ሦስቱም።»

ምስማር ዶሮዋን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቆመች። የገብስማዋ ልብ ከጣቷ ሥር ቶሎ ቶሎ ይመታል። ዶሮዎቹ ከሄዱ እሷም ትሄዳለች፤ ለራሷ የገባችው ቃል ነው፣ እሷ ደግሞ ቃሏን አታጥፍም። ከአልጋዋ ሥር ያለው ሻንጣ ትዝ አላት። ከነጋዴው ሱቅ ጀርባ ያለው፣ አይታው የማታውቀው ክፍል ታያት። ያም ሆኖ ያሰበችው ብዙ አልቆየም። ‹ለእኔ ቦታ ይገኝ ብዬ አንቺን አልገድልም› አለችና ወደ ቤት ገባች።

የመኝታ ቤቱን በር በእግሯ ገፋችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስገርማት ነበር፤ አባቷ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ሹራባቸውን ለብሰው፣ አንድ እግራቸውን ጫማ ውስጥ ከትተው ተቀምጠዋል።

«የትኛዋ ናት?» አሉ።

«ገብስማዋ። ስፖንጅ በልታ።»

«ስጪኝ። ዘይቱን አምጪው። ለብ ያለ ውሃም አምጪ።»

አባቷ ጓሮ ወጥተው ከአዲሱ አረንጓዴ ወንበር አንዱን አስመጡና ተቀመጡበት። እናቷ ለወንበሩ ሊጮሁ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ዶሮዋን ጭናቸው ላይ አደረጉ። በሁለት አውራ ጣታቸው ከረጢቷን ከታች ወደ ላይ፣ ከዳር ወደ መሀል ያሹ ጀመር፤ ሲነኳት የነኳትም አይመስል።

«እኔ እንዲሁ ነበር ያደረግሁት» አለች ምስማር።

«አንቺ እንደ ሶፋ ነው የወጠርሻት። ሊጥ አይታዘዝም፣ ሊጥ ይለመናል። ትለምኚዋለሽ፣ ትጠብቂዋለሽ። እምቢ ካለ ትተሽው ትመለሻለሽ። አይደል እንዴ የኔ እመቤት? እ? ምን አግኝተሽ ነው ስፖንጅ የበላሽ? እህል አጥተሽ? እነዚህ ሁለት ሴቶች አስራቡሽ?»

«ከኛ በላይ ትበላለች!» አሉ እናቷ።

«ዝም በይ፣ እየተነጋገርን ነው።»

እንዲህ እያሹ፣ ዘይት ጠብ እያደረጉ፣ ለብ ያለ ውሃ እያዋጡ፣ እያወሩላት ፀሐይዋ ከግንቡ ላይ ወጣች። ያ ቡጢ ቀስ በቀስ ሊጥ ሆነ፣ ሊጡም ላላ። ገብስማዋ አንድ ዓይኗን ከፈተች። ቀጥላ በሽማግሌው ቢጃማ ላይ ተገላገለች፤ ቢጫ ፍርፋሪ ያለበት ነገር ነው። እናቷ እንዲህ ባለ ነገር ሲደሰቱ ይኼ በዕድሜያቸው የመጀመሪያው ነው። «ወጣ! እሰይ! ወጣላት!» ብለው አጨበጨቡ። ከሰዓት በኋላ ዶሮዋ ራሷ ተነስታ ውሃ ጠጣች።

ምስማር ካርቶን ይዛ መጣች።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ አባቷ።

«ዛሬውኑ ገበያ እወስዳቸዋለሁ። ገብስማዋን ሲሻላት።»

«ለምን ሲባል?»

«ውል አለና። ቀሰቀስኩዎት።»

አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዶሮዋን አገላበጡ። ላባዋን አስተካከሉ። «መቼ ነው የቀሰቀስሽኝ? ጫማዬን ሳደርግ አይደል ያገኘሽኝ?»

ምስማር ያን ጊዜ ነው ሹራቡ ትዝ ያላት። «እንዲያውም ‹የትኛዋ ናት› አሉኝ! እንዴት አወቁ?»

«ዛሬ የሚጭሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሦስተኛዋን አጣኋት።»

«በዚያ ሁሉ ስፖንጅ ውስጥ ጭረታቸው ይሰማዎታል?»

«ቤታቸው የተደገፈው የኔን ግድግዳ ነው፤ ጩኸቱን ስፖንጁ ቢውጠውም ጭረቱ በወለሉ ጣውላ ያልፋል። ጆሮውን ለጥፎ ለሚያድር ሰው ይሰማል» አሉና እንደመቆጣት ቃጣቸው። «ከመጡ ጀምሮ እንቅልፍ የት አለ! ገና ሳይነጋ ዓይኔ ይፈጣል። አሁን ይጮሃሉ፣ አሁን ይጮሃሉ እያልኩ እጠብቃለሁ። አይጮሁም። የሚጮኽ ነገር አንዴ ይጮኽና ይወጣለታል፤ ተመልሰሽ ትተኛለሽ። የማይጮኽ ነገር ግን እንዴት ያስተኛል? ሞተው ይሆን፣ ተሰርቀው ይሆን እላለሁ…»

«እና በየጠዋቱ ‹እንደ ድንጋይ› የምትለን?» አሉ እናቷ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው።

«ድንጋይ ይተኛል ብሎ የነገረሽ ማነው?»

እናቷ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሲበቃቸው ዓይናቸውን በአንሶላው ጫፍ፣ በዚያ በነጩ አንሶላ ጠረጉና ምስክርነታቸውን ሰጡ፦ «ያልተኛ ሰው አይቀሰቀስም። ውሉ አልፈረሰም። ካርቶኑን መልሺ።»

«ስፖንጁ ግን ይውጣ» አሉ አባቷ። «ፍንክች አልልም። ዛሬውኑ ይውጣ። ሲጮሁ እንስማቸው። ዝም ያለ ነገር ምን እየበላ እንደሆነ አይታወቅም።»

ምስማር ካርቶኑን ረግጣ አጠፈችው። ሌዘሩን ቀደደችው፣ ስፖንጁን በቁና በቁና እያወጣች ጣለችው። እናቷ «ይሄ እኮ ታጥቦ ትራስ ይሆናል!» እያሉ ከሥር ከሥር ይለቅሙታል። ባዶውን ግድግዳ በጣውላ ልትለብጠው ከንፈሯ ላይ ምስማር ደረደረች። አባቷ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ወደ ግራ፣ ኧረ ወደ ግራ» እያሉ ያዟታል፤ ቀይዋና አንገተ መላጣዋ እግራቸው ሥር ይጭራሉ።

የሽርጧ ኪስ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። በአንድ እጇ ጣውላ፣ በአንድ እጇ መዶሻ ይዛለች። እናቷ እጃቸውን አስገብተው አነሱት።

«ሃሎ… የለም፣ እናቷ ነኝ… እየሠራች ነው… ምን?… ክፍል?… የቱ ክፍል?…»

እናቷ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ዞረው ልጃቸውን አዩዋት። ምስማር አፏ ምስማር ሞልቶታል፤ መናገር አትችልም። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ጭንቅላቷን ቀስ ብላ ወዲህና ወዲያ ነቀነቀች፤ አልሄድም።

«አይ፣ ወንድሜ» አሉ እናቷ ወደ ስልኩ። «አትመጣም። ሥራ ይዛለች… አዎ፣ እዚሁ ቤቷ… ዶሮ ናት… አይ፣ ዶሮ ነው የምታረባው ማለቴ ነው… እግዜር ይስጥልኝ።»

«ማነው?» አሉ አባቷ።

«ቁጥር ተሳስቶ ነው።»

እናቷ ስልኩን ወደ ኪሷ መለሱላት። እጃቸውን ግን ቶሎ አላወጡም፤ የሽርጧን ኪስ ከውስጥ ጨብጠው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ወደ ግድግዳው አገጫቸውን ቀሰሩ።

«ያ ጥግ ይነቃነቃል» አሉ። «ምቺው።»

ምስማር አንዱን ምስማር ከከንፈሯ ወሰደችና መታችው።